ትሉ መድኃኒቱን ሲላመድ፦ ለበግ አርቢዎች ዝርዝር መመሪያ

በጎቹ መድኃኒት ከተጋቱ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላቸውም። እንደገና ይከሳሉ፣ ከመንጋው ኋላ ይቀራሉ፣ አገጫቸው ሥር ውሃ ይቋጥራል። አርቢው መጀመሪያ የሚጠረጥረው የመድኃኒቱን ጥራት ነው። ቀጥሎ ሌላ ስም ያለው መድኃኒት ይገዛና መንጋውን በሙሉ ደግሞ ይግታል። ጥርጣሬው አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ጠርሙሱ ውስጥ ሳይሆን በጎቹ ሆድ ውስጥ ነው፤ ትሎቹ መድኃኒቱን ተላምደዋል። ለዚህ ያበቃቸውም በአብዛኛው ሁሉንም በግ፣ በአንድ ቀን፣ ሳይመረምሩ የመጋት ልማድ ነው።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። በአንድ መንጋና በሚግጥበት መስክ ላይ ካሉት እጅግ ብዙ ትሎችና እጮች መካከል፣ ከተፈጥሯቸው መድኃኒቱ የማይጎዳቸው ጥቂቶች አሉ። መድኃኒቱ ሲሰጥ ሌሎቹ ይሞታሉ፣ እነዚህ ይተርፋሉ። ቀጥለው ባሉት ሳምንታት በበጠጥ ወደ መስክ የሚወርደው እንቁላል የእነሱ ብቻ ይሆናል። መድኃኒት ያልነካቸው ትሎች በሌሎች በጎች ሆድና በሣሩ ላይ በብዛት ካሉ፣ የተረፉት ጥቂቶች ከእነዚያ ጋር እየተዳቀሉ ድርሻቸው አነስተኛ ሆኖ ይቆያል። ከሌሉ ግን መስኩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የእነሱ ይሆናል። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ ከዚህ አንድ ነጥብ የሚነሡ ናቸው። የበጉን ሕይወት እናድናለን፤ መድኃኒት ያላዩ ትሎችን ግን ሆን ብለን እናስተርፋለን።

ይህ አዲስ ችግር አይደለም። ታያቤንዳዞል የተባለው የትል መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1961 ገበያ ላይ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የማይበገሩለት ትሎች በበግ ላይ መገኘታቸው ተዘገበ። ሞኔፓንቴል የተባለው ሌላ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2009 በኒውዚላንድ ለበግ ሲፈቀድ ሃያ አምስት ዓመት ያህል የዘገየ አዲስ የመድኃኒት ቤተሰብ ነበር፤ አራት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እዚያው አገር አንድ እርባታ ላይ ከሸፈ። አዲስ መድኃኒት ይመጣልኛል ብሎ መጠበቅ የሚያዋጣ አይመስለኝም።

የትኞቹ ትሎች?

ሦስቱን ማወቅ ይበቃል። በጣም ገዳዩ ሄሞንከስ በአራተኛው ጨጓራ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። አንዱ ትል በቀን 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያሳጣል፤ 5,000 ትል የያዘ በግ በየቀኑ ሩብ ሊትር ደም ያጣል ማለት ነው። ሴቷ በቀን ከ5,000 እስከ 10,000 እንቁላል ትጥላለች። መድኃኒትን ከሌሎቹ ፈጥኖ የሚላመደው በዚህ ብዛቱ ምክንያት ነው። ሙቀትና እርጥበት ይወዳል፤ አመቺ ጊዜ ሲያገኝ እንቁላሉ በሳምንት ገደማ በግ ሊይዝ የሚችል እጭ ይሆናል፤ የተዋጠው እጭ ደግሞ በሦስት ሳምንት ገደማ አድጎ እንቁላል ይጥላል። ቴላዶርሳጂያም የሚኖረው አራተኛው ጨጓራ ውስጥ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይስማማዋል። ትሪኮስትሮንጊለስ በብዛት ቀጭኑ አንጀት ውስጥ ሆኖ ተቅማጥና ክሳት ያመጣል። የኋለኞቹ ሁለቱ ደም መጣጭ ስላልሆኑ፣ ደም ማነስን በሚያሳየው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን ቀለም አይታወቁም። ይህን እንያዝ፤ ኋላ ይጠቅመናል።

እርምጃ 1፦ መጀመሪያ ትሉ እንጂ አሰጣጡ አለመሆኑን ያረጋግጡ

መድኃኒቱ ከሸፈ ከተባለባቸው መንጋዎች ጥቂት የማይባሉት በትክክል አልተጋቱም። ያነሰ መጠን ደግሞ ዕለቱን አለመሥራቱ ብቻ አይደለም ጉዳቱ፤ በከፊል የተላመዱትን ትሎች እያስተረፈ መላመዱን ያፋጥናል።

ክብደትን በዓይን አይገምቱ። ሰው በግን ሲገምት አብዛኛውን ጊዜ ያሳንሳል። የቻሉትን ያህል ይመዝኑ፤ ሁሉንም መመዘን ካልተቻለ ከየቡድኑ ትልልቆቹን መዝነው መጠኑን በከባዱ በግ ልክ ይወስኑ። በመንጋው አማካይ ክብደት ከተሰላ ግማሾቹ ያነሰ ይደርሳቸዋል። የክብደት ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ጠቦቶቹንና ትልልቆቹን ለይተው ለየብቻ ያስሉ። ይህ በተለይ ለሌቫሚሶል የግድ ነው፤ የደኅንነት ወሰኑ ጠባብ ስለሆነ ከልክ ሲያልፍ በጉ ምራቁን ያዝረበርባል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሊሞትም ይችላል።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። አልቤንዳዞል ለክብ ትሎች (ከላይ የተጠቀሱት ሦስቱ የዚህ ወገን ናቸው) በብዙ አገር ለአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊ ግራም ይታዘዛል። 30 ኪሎ የሚመዝን በግ 150 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል። በእጅዎ ያለው ፈሳሽ 2.5 በመቶ ከሆነ አንዱ ሚሊ ሊትር 25 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ 6 ሚሊ ሊትር ይሰጣሉ፤ 10 በመቶ ከሆነ ግን 1.5 ሚሊ ሊትር ብቻ። የጠርሙሱን መቶኛ ሳያነቡ «ለበግ ይህን ያህል ነው» ብሎ በልማድ መስጠት የቱን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ ይታያል። ሌቫሚሶል 7.5 ሚሊ ግራም፣ ኢቨርሜክቲን 0.2 ሚሊ ግራም በኪሎ የተለመዱ ናቸው፤ የመጨረሻው ቃል ግን የመድኃኒቱ መግለጫና የእንስሳት ሐኪሙ ነው።

መጋቻውን ይፈትሹ። መሣሪያውን በ10 ሚሊ ሊትር ሞልተው አሥር ጊዜ ወደ መለኪያ ዕቃ ይርጩ፤ 100 ሚሊ ሊትር ካልሞላ ስፕሪንጉ ወይም ጎማው አልቋል። ጠርሙሱን በየመሀሉ ይናጡ፤ እንደ አልቤንዳዞል ያሉት ፈሳሾች ዝቃጭ ስላላቸው፣ ካልተናጡ ፊተኞቹ በጎች ውሃውን፣ የመጨረሻዎቹ ዋናውን መድኃኒት ይጠጣሉ። ጊዜው ያለፈበትን፣ ፀሐይ ላይ የከረመውን፣ ምንጩ የማይታወቀውን አይጠቀሙ።

የአጋጋት ዘዴም ለውጥ አለው። የመጋቻው ጫፍ በአፍ ጎን ገብቶ ከምላስ ጀርባ በላይ መድረስ አለበት፤ የበጉ ራስ ቀጥ ብሎ እንጂ ወደ ላይ ተቀልብሶ መያዝ የለበትም፤ ከተቀለበሰ ፈሳሹ ወደ ሳንባ ይገባል። አፍ ፊት ላይ ብቻ ከፈሰሰ ደግሞ መድኃኒቱ ትልቁን ጨጓራ ዘልሎ በቀጥታ ወደ አራተኛው ሊሄድ ይችላል። ይህ ለምን ይጎዳል ቢሉ፣ የእነ አልቤንዳዞል ቤተሰብ ትሉን የሚገድለው ረዘም ላለ ጊዜ ሲነካካው ነው፤ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ሲያርፍ ከዚያ ቀስ እያለ ይለቀቃል። በዚሁ ምክንያት ከመጋት በፊት ከ12 እስከ 24 ሰዓት መኖ መከልከል (ውሃ ሳይከለከል) የአልቤንዳዞልንና የኢቨርሜክቲንን ጉልበት ይጨምራል። ሊወልዱ የደረሱትን፣ የታመሙትንና በጣም የከሱትን ግን አያስርቡ። አልቤንዳዞል በእርግዝና የመጀመሪያ ወር ጽንስ ስለሚያበላሽ በቅርቡ አውራ ለጠቃቸው እናት በጎች አይሰጥም።

ሌላም ማጣራት አለ። በበጠጥ ላይ ነጭ፣ የበሰለ ሩዝ የሚመስል ቁራጭ አይተው «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ያ የቴፕ ትል ቁራጭ ነው፤ ሌቫሚሶልም ኢቨርሜክቲንም እሱን መጀመሪያውኑ አይገድሉትም፣ ብዙ ጊዜም ያን ያህል አይጎዳም። በዓይን የማይታዩት ናቸው የሚገድሉት። የአገጭ እብጠትና ደም ማነስ ደግሞ ከጉበት ትልም ይመጣል፤ ለጉበት ትል ኢቨርሜክቲን ሰጥቶ ውጤት መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው።

እርምጃ 2፦ የንግድ ስሙን ትተው ቤተሰቡን ያንብቡ

ለበግ ክብ ትሎች በሰፊው የሚሰጡት መድኃኒቶች ሦስት ቤተሰብ ናቸው። አንደኛው የአልቤንዳዞል፣ የፌንቤንዳዞልና የኦክስፌንዳዞል ቤተሰብ ነው። ሁለተኛው ሌቫሚሶልና ቴትራሚሶል። ሦስተኛው ኢቨርሜክቲን፣ ዶራሜክቲን፣ አባሜክቲንና ሞክሲዴክቲን። በአንዳንድ አገሮች ሞኔፓንቴልና ዴርኳንቴል ይጨመራሉ፤ ክሎሳንቴል ደግሞ ደም መጣጮቹን ብቻ ይመታል።

አንዱን የቤተሰብ አባል የተላመደ ትል የቀሩትንም በአብዛኛው ይቋቋማል። በመጀመሪያው ቤተሰብ ይህ በግልጽ ይታያል፤ መድኃኒቱ የሚይዘው ቤታ ቱቡሊን የተባለውን የትሉን ፕሮቲን ነው፤ የፕሮቲኑ ዘረ መል አንድ ቦታ ላይ ሲለወጥ መድኃኒቱ የሚይዘው ያጣል፤ ያን ጊዜ አልቤንዳዞልም ፌንቤንዳዞልም እኩል ከንቱ ናቸው። ሞክሲዴክቲን ከኢቨርሜክቲን ስለሚበረታ ኢቨርሜክቲን በከሸፈበት ለጊዜው ሊሠራ ይችላል፤ ይህ ግን ዕድሜው አጭር የሆነ እፎይታ ነው። ስለዚህ የጠርሙሱ ቀለምና ስም ስለተለየ መድኃኒት የቀየሩ አይምሰልዎ። ውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር ያንብቡ፣ ይመዝግቡ።

ለከብት ተብሎ ጀርባ ላይ የሚፈስሰውን ኢቨርሜክቲን ለበግ መጠቀም ሌላው ስሕተት ነው። በበግ ቆዳ በቂ ሆኖ ስለማይገባ ያነሰ መጠን ከመስጠት አይለይም።

እርምጃ 3፦ መድኃኒቱ በእርስዎ መንጋ ላይ እንደሚሠራ ይፈትኑ

የመመሪያው እምብርት ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህን አይዝለሉ። ፈተናው ከመጋት በፊትና በኋላ በበጠጥ ውስጥ ያለውን እንቁላል ቆጥሮ ማነጻጸር ነው። ላቦራቶሪ ካለ ናሙናውን መላክ ይቻላል፤ አንድ ማይክሮስኮፕና የማክማስተር መቁጠሪያ መስታወት (መስመር የተሰመረባቸው ሁለት ክፍሎች ያሉት) ካለ ግን በእርባታው ላይ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

በጎቹን መምረጥ፦ ቢያንስ ከ10 እስከ 15 በጎች ለአንድ መድኃኒት ይያዙ። ዕድሜያቸው ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሆኑ ጠቦቶች ይመረጣሉ፤ ገና አካላቸው ትሉን መቋቋም ስላልጀመረ እንቁላል በብዛት ይገኝባቸዋል። ባለፉት ስምንት ሳምንታት ውስጥ መድኃኒት ያልወሰዱ ይሁኑ። ሁሉንም በቀለም ወይም በቁጥር ምልክት ያድርጉባቸው፤ ኋላ የሚቆጠሩት እነዚያው በጎች መሆን አለባቸው።

ናሙና መውሰድ፦ ጓንት ያድርጉ፣ ጣትዎን በትንሽ ዘይት ወይም ሳሙና ያለስልሱ፣ በጠጡን ከፊንጢጣ ያውጡ። መሬት ላይ የወደቀ በጠጥ የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ እንቁላሉም ሊፈለፈል ይችላል። የእያንዳንዱን በግ ናሙና ለየብቻ በፕላስቲክ ከረጢት አየሩን አስወጥተው ይቋጥሩ፣ ቁጥሩን ይጻፉ፣ በቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩ። ማቀዝቀዣ ይሆናል፤ በረዶ እስኪሆን ግን አያድርሱት።

መቁጠር፦ በፈላ ውሃ ላይ የምግብ ጨው ሟሟቱን አቁሞ ከሥር መዝቀጥ እስኪጀምር ይጨምሩና ያቀዝቅዙ። ይህ የጠገበ ጨው ውሃ የትል እንቁላልን ያንሳፍፋል። 2 ግራም በጠጥ በ28 ሚሊ ሊትር ጨው ውሃ ውስጥ በደንብ ይፍጩ፣ በሻይ ማጥለያ ያጥልሉ፣ ወዲያው እያማሰሉ በጠብታ መምጠጫ ወስደው ሁለቱንም የማክማስተር ክፍሎች ይሙሉ። እንቁላሎቹ እስኪንሳፈፉ አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። በመቶ እጥፍ አጉልተው በሁለቱ ክፍሎች መስመር ውስጥ ያሉትን እንቁላሎች ይቁጠሩ፤ ድምሩን በ50 ያባዙ። ውጤቱ በአንድ ግራም በጠጥ ያለው የእንቁላል ብዛት ነው። የአየር አረፋ ክብና ጥቁር ጠርዝ አለው፣ ውስጡ ባዶ ነው፤ እንቁላሉ ሞላላ ሆኖ ውስጡ በጥቃቅን ሕዋሳት የተሞላ ነው። ጀማሪ ሰው አረፋ መቁጠሩ የተለመደ ነው።

የመጀመሪያው ቆጠራ አማካይ ከ150 በታች ከሆነ ፈተናውን ያቆዩት። በአነስተኛ ቁጥር ላይ የሚሰላ መቶኛ ያታልላል።

መጋት፦ እርምጃ 1 ላይ ያለውን በሙሉ ጠብቀው እያንዳንዱን በግ መዝነው ይጋቱ። በዚህ ቀን ግምት የለም።

ሁለተኛው ናሙና፦ ቀኑን የሚወስነው መድኃኒቱ ነው። ሌቫሚሶል ከሆነ በ7ኛው ቀን፣ አልቤንዳዞልና ዘመዶቹ ከሆኑ ከ10ኛው እስከ 14ኛው፣ ኢቨርሜክቲን ከሆነ ከ14ኛው እስከ 17ኛው። ሞክሲዴክቲን ከዚያም ይዘገያል፤ ከ17 እስከ 21 ቀን ይጠበቃል። ልዩነቱ ምክንያት አለው። ሌቫሚሶል ገና ያላደጉትን እጮች በደንብ ስለማይገድል፣ ብዙ ከቆዩ እነሱ አድገው እንቁላል ይጥላሉና መድኃኒቱ ሳይከሽፍ የከሸፈ ይመስላል። አልቤንዳዞልና ኢቨርሜክቲን ደግሞ በሕይወት የተረፈውን ትል እንኳ ለጥቂት ቀናት እንቁላል መጣል ያስቆሙታል፤ ፈጥነው ከቆጠሩ የከሸፈው መድኃኒት የሠራ ይመስላል።

ማስላት፦ የኋለኛውን አማካይ ለፊተኛው አማካይ ያካፍሉ፣ ከ1 ይቀንሱ፣ በ100 ያባዙ። በፊት አማካዩ 800 ነበር፤ በኋላ 120 ሆነ። 120 ለ800 ሲካፈል 0.15 ነው፤ የቀነሰው 85 በመቶ ነው። ጥሩ መድኃኒት 95 በመቶና ከዚያ በላይ መቀነስ አለበት። ስለዚህ ይህ መንጋ መድኃኒቱን የተላመዱ ትሎች አሉበት። በጎቹ ግን ጤነኛ ሆነው ሊታዩ ይችላሉ! 85 በመቶ የሚሆነው ትል ስለሞተ ደማቸው ያገግማል፣ አርቢውም ይደሰታል። በዓይን የሚታይ ውድቀት የሚመጣው ነገሩ በጣም ከገፋ በኋላ ነው፤ መቁጠር የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

ከተቻለ ከመድኃኒቱ በኋላ ያለውን በጠጥ ለላቦራቶሪ ሰጥተው እጮቹ እንዲፈለፈሉና ዓይነታቸው እንዲለይ ያድርጉ። የሄሞንከስ፣ የቴላዶርሳጂያና የትሪኮስትሮንጊለስ እንቁላሎች በማይክሮስኮፕ አንድ ስለሚመስሉ የትኛው እንደተረፈ ቆጠራው አይነግርዎትም። የተረፈው ሄሞንከስ ብቻ ከሆነ ክሎሳንቴልን የመሰለ ጠባብ መድኃኒት ይበቃዎታል።

እርምጃ 4፦ የሚያስፈልገውን በግ ብቻ ይጋቱ

ትል በመንጋ ውስጥ እኩል አይከፋፈልም። ከአምስቱ አንዱ ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጡት በጎች አብዛኛውን ትል ይሸከማሉ። እነዚያን ለይቶ መጋት በጎቹንም መድኃኒቱንም ያተርፋል።

ሄሞንከስ ለሚበዛበት መንጋ ከሁሉ የሚሻለው መሣሪያ በደቡብ አፍሪካ የተሠራው ፋማቻ የተባለው የዓይን ቀለም ካርድ ነው። ከደማቅ ቀይ እስከ ነጭ አምስት ደረጃ አለው። በጉን በብርሃን ያቁሙት፣ በአንድ አውራ ጣት የላይኛውን ሽፋሽፍት በዓይኑ ላይ ገፋ አድርገው ይዝጉ፣ በሌላው የታችኛውን ወደ ታች ይሳቡ፤ ብቅ የሚለውን ውስጠኛ ሽፋን ከካርዱ ጋር ያስተያዩ። በማስታወስ አይፍረዱ፤ ካርዱ በእጅዎ ይሁን፤ ቀለሙ የለቀቀ አሮጌ ካርድም ይተካ። ደረጃ 1 እና 2 አይጋቱም። 4 እና 5 ወዲያው ይጋታሉ። 3 ላይ ያለው ጠቦት፣ የከሳ፣ ወይም ሊወልድ የደረሰና የሚያጠባ ከሆነ ይጋት፤ የደለበ ሙክት ከሆነ ይቆይ። ሙቀትና ዝናብ በሚገናኙበት ወቅት በየሁለት ሳምንቱ ማየት ያስፈልጋል፤ ሄሞንከስ አንድን ጠቦት ለማዳከም ከዚያ ብዙም የበለጠ ጊዜ አይፈልግም።

ሄሞንከስ ዋና በማይሆንበት አካባቢ ዓይን አይጠቅምም። የጀርባውን ሥጋ ይዳብሱ፣ የጅራቱን ሥር ለተቅማጥ ይዩ፣ ጠቦቶቹን በየሁለት ሳምንቱ ይመዝኑ። ክብደት መጨመሩን ያቆመው ይጋት፤ እንደ ሌሎቹ የሚያድገው ይተው።

ብዙ አርቢዎች እዚህ ላይ ይፈራሉ። ትል እንዳለበት እያወቁ በግን መተው ልብ ይከብዳል። ጤነኛ አዋቂ በግ ጥቂት ትል ይዞ ያለ ችግር ይኖራል፤ ያ ጥቂት ትል ደግሞ መድኃኒቱ የሚገድለው ዓይነት ስለሆነ መስኩን በሚጠቅመን ዘር ይዘራል። ጠቦቶችን ጠቅላላ መጋት የግድ ከሆነ እንኳ ከመቶው ቢያንስ አሥር የሚሆኑትን፣ ከሁሉ የደለቡትን፣ ሳይጋቱ ይተዉ።

እናት በጎች ሊወልዱ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው ጀምሮ ከወለዱ እስከ ስምንት ሳምንት ድረስ አካላቸው ትሉን መቋቋም ይቀንሳል፤ የሚጥሉት እንቁላልም ይጨምራል፤ ለጠቦቶቹ መስኩን የሚበክሉትም ያኔ ነው። መንታ የያዙትንና የከሱትን ይጋቱ፤ አንድ የወለዱትንና ጥሩ አቋም ያላቸውን ይተዉ። በዚህ ጊዜ ፕሮቲን የበዛበት መኖ መስጠት መድኃኒትን ያህል ይረዳል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እርምጃ 5፦ ከጋቱ በኋላ ወደ ንጹሕ መስክ አይውሰዱ

ለብዙ ዓመታት «ጋትና ወደ አዲስ ሣር አዛውር» ሲባል ኖሯል። ምክሩ ጠቦቶቹን ያወፍራል፤ መድኃኒቱን ግን ይገድላል። ከመጋት የተረፉት ትሎች በሙሉ የተላመዱ ናቸው፤ ንጹሑ መስክ ላይ ከእነሱ ሌላ የሚቀላቀላቸው የለም። በጎቹን በቆዩበት መስክ ላይ ጥቂት ሳምንት አቆይተው ያዛውሩ፤ ወይም መጀመሪያ አዛውረው ኋላ ይጋቱ፤ ወይም የተወሰኑት ሳይጋቱ አብረው ይሂዱ።

ስለ ግጦሹ በአጭሩ፦ አብዛኛው እጭ የሚገኘው ከመሬት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ባለው የሣሩ ክፍል ስለሆነ መስኩን እስከ ሥሩ አያስግጡ። የበግ ትሎች በአብዛኛው በከብትና በፈረስ አይኖሩም፤ ከብትን አፈራርቆ ማስጋጥ እጮቹን ያጠራል። በሞቃትና እርጥብ አካባቢ እጭ ፈጥኖ ይፈለፈላል፣ ጉልበቱን ፈጥኖ ስለሚጨርስም ቶሎ ይሞታል፤ እዚያ በጎችን በአንድ ክልል ከአራት ቀን በላይ ሳያቆዩ ከአንድ ወር በኋላ መመለስ ይጠቅማል። በቀዝቃዛ አካባቢ ግን እጭ ለብዙ ወራት ስለሚኖር የአንድ ወር ዕረፍት ምንም አያደርግለትም።

እርምጃ 6፦ የተገዛ በግ ሲገባ

የተላመደ ትል ወደ ንጹሕ መንጋ የሚገባበት ሰፊው በር ይህ ነው። አንድ የተገዛ አውራ በግ የሌላውን እርባታ የብዙ ዓመት ስሕተት በሆዱ ይዞ ሊመጣ ይችላል። አዲስ የመጣን በግ ሣር በሌለበት በረት ያስገቡት። ከተለያዩ ቤተሰቦች ሁለት፣ ከተቻለ ሦስት መድኃኒት በሙሉ መጠን በአንድ ቀን ይስጡት፤ በአንድ መጋቻ ግን አይቀላቅሏቸው፤ በፋብሪካ ተዋሕዶ ካልተሠራ በቀር መድኃኒቶች ሲደባለቁ ይበላሻሉ። ቢያንስ ሁለት ቀን በረት ውስጥ ያቆዩት፤ በጠጡን ጠርገው በጎች ወደማይግጡበት ይጣሉ። በ14ኛው ቀን እንቁላል ይቁጠሩ። ዜሮ እስኪሆን ከመንጋው ባይቀላቀል ይመረጣል። ሲቀላቀልም የእርስዎ በጎች ወደሚግጡበት የቆየ መስክ ይግባ፤ ያመለጠ ትል ቢኖር በብዙዎቹ መካከል ይዋጣል።

እርምጃ 7፦ ፈተናው መላመድን ካሳየ

መጀመሪያ አይደንግጡ፤ ቀጥሎ «መድኃኒቱን ለጥቂት ዓመት ባሳርፈው ጉልበቱ ይመለሳል» ብለው አይጠብቁ። የተለወጠው ዘረ መል በትሎቹ ውስጥ ስለሚቆይ መድኃኒቱ እንደገና ሲሰጥ ችግሩ ፈጥኖ ብቅ ይላል። በየዓመቱ ቤተሰብ መቀያየርም ብቻውን አያድንም፤ ተራ በተራ ሁሉንም እንዲላመዱ ማድረግም ይቻላልና።

የተሻለው መንገድ ሁለት ቤተሰቦችን በአንድ ቀን፣ እያንዳንዱን በሙሉ መጠን መስጠት ነው። አንዱ 80 በመቶ፣ ሌላውም 80 በመቶ የሚገድል ከሆነ፣ ከአንደኛው የሚተርፈው 20 በመቶ ላይ ሁለተኛው ይዘምትበታል፤ የሚቀረው 4 በመቶ፣ የሚሞተው 96 በመቶ ነው። ሁለቱም ወደ 50 ከወረዱ በኋላ ቢያጣምሯቸው ግን 75 ብቻ ነው የሚያገኙት። ስለዚህ ማጣመር የሚጠቅመው መድኃኒቶቹ ገና ጉልበት እያላቸው ነው፤ እርምጃ 4 ሳይኖር ማጣመር ደግሞ ሁለቱን ባንድ ላይ ማጥፋት ነው።

ከመድኃኒት ውጭ ያሉትም መንገዶች በዚህ ጊዜ ክብደት ያገኛሉ። ለሄሞንከስ ባርበርቫክስ የተባለ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2014 በአውስትራሊያ ተፈቅዷል፤ በተደጋጋሚ መሰጠት አለበት፣ ሌሎቹን ትሎችም አይነካም። ዱዲንግቶኒያ የተባለ ፈንገስ ዘር በመኖ ተቀላቅሎ ሲሰጥ በበጠጡ ውስጥ ያሉትን እጮች አጥምዶ ይገድላል። የመዳብ ኦክሳይድ ሽቦ ቅንጣት ሄሞንከስን ይቀንሳል፤ በግ ግን ለመዳብ መመረዝ ከቤት እንስሳት ሁሉ የቀረበ ስለሆነ ያለ ሐኪም አይሞከርም። ዘላቂው የዘር ምርጫ ነው። ትልን የመቋቋም ችሎታ ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። በአንድ ወቅት ሦስት አራት ጊዜ መጋት ያስፈለጋትን በግ ከመንጋው ያስወጡ፤ ሴት ልጇንም ለዘር አያስቀሩ። አውራውን በቁመቱ ብቻ ሳይሆን በእንቁላል ቆጠራው ይምረጡ። የማን ዓይን መቼ ስንት እንደነበረ፣ ማን መቼ በምን እንደተጋተ የሚጻፍበት ደብተር ከሌለ ግን ይህ ሁሉ በግምት ይቀራል። ፈተናውን በየዓመቱ፣ ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ ለሚጠቀሙበት ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ይድገሙ።

ፍየሎች አብረው የሚግጡ ከሆነ

ፍየልና በግ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ትል ይጋራሉ። የፍየል ጉበት ግን መድኃኒቱን ከበግ ፈጥኖ ያስወግደዋል፤ በበግ መጠን የተጋተች ፍየል ያነሰ እንደተሰጣት ይቆጠራል። የተላመዱ ትሎች ብዙ ጊዜ ከፍየሎች ተነሥተው ወደ በጎች የሚዛመቱት ለዚህ ነው። የፍየልን መጠን፣ በተለይ የሌቫሚሶልን፣ የእንስሳት ሐኪም ይወስን፤ መጠኑ ከፍ ሲል ከወተትና ከሥጋ የሚታቀቡበት ቀንም ይረዝማልና እሱንም አብረው ይጠይቁ። ፈተናውንም ለፍየሎቹ ለብቻ ያካሂዱ፤ የበጎቹ ውጤት ጥሩ ቢሆንም የፍየሎቹን አይተካም።